ለልብ ምት መዛባት በካቴተር ከታከሙ በኋላ፦ የማገገሚያ ጊዜ ጥንቃቄዎች

ለልብ ምት መዛባት በካቴተር የታከመ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ዕለት ወይም በማግስቱ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ደረቱ አልተከፈተም፤ በብሽሽቱ ላይ የሚታየውም ከአንድ ትንሽ ፕላስተር አይበልጥም። በዚህ ምክንያት ታካሚውና ቤተሰቡ ሕክምናው እዚያው እንዳበቃ አድርገው ያስባሉ። ይሁንና በልብ ጡንቻ ውስጥ የተፈጠረው ቁስል እስኪጠግ ድረስ ሳምንታትን፣ አንዳንዴም ወራትን ይፈልጋል። ከሕክምናው በኋላ የሚደርሱ ከባድ ጉዳቶች በአብዛኛው መከላከል የሚቻሉት በእነዚህ ወራት ውስጥ በቤትና በአቅራቢያ በሚገኝ የጤና ተቋም በሚደረግ ጥንቃቄ ነው።

ይህ መረጃ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የሚኖሩ ታካሚዎችን ሁኔታ እንደ ምሳሌ በመውሰድ ተዘጋጅቷል። ሕክምናው ልዩ መሣሪያና የረጅም ጊዜ ሥልጠና የሚጠይቅ በመሆኑ የሚሰጠው በጥቂት ከፍተኛ ተቋማት ብቻ ነው፤ ወደ ውጭ አገር ሄደው የሚታከሙ ዜጎችም አሉ። ታካሚው የሚያገግመው ግን በሰፈሩ ነው። በእኩለ ሌሊት ትኩሳት ቢይዘው ወይም ብሽሽቱ ቢደማ መጀመሪያ የሚያየው ባለሙያ ልቡን ያከመው ሐኪም ሳይሆን በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል የሚገኝ ተረኛ ነው። ስለዚህ በእጁ የሚገኘው የሕክምና ማስረጃና ስለ ራሱ የሚሰጠው ቃል ወሳኝ ይሆናሉ።

ሕክምናው ምንድን ነው?

ልብ የሚመታው በውስጡ በሚመነጭና በተወሰነ መንገድ በሚጓዝ የኤሌክትሪክ ምልክት ነው። ምልክቱ ከተሳሳተ ቦታ ሲነሳ ወይም በትርፍ መንገድ ሲሽከረከር ምቱ ይፈጥናል ወይም ሥርዓቱን ያጣል። በካቴተር ሕክምና ወቅት ሐኪሙ በብሽሽት በኩል ባለው ትልቅ ደም መልስ የደም ሥር ውስጥ ቀጫጭን ቱቦዎችን አስገብቶ እስከ ልብ ያደርሳል። ከዚያም የችግሩን ምንጭ ለይቶ በሙቀት፣ በቅዝቃዜ ወይም በአጭር የኤሌክትሪክ ሞገድ ያንን ትንሽ ቦታ ያከስመዋል። በቦታው የሚፈጠረው ጠባሳ የተሳሳተውን ምልክት ያግዳል። ሕክምናው አብሌሽን ይባላል።

የማገገሚያው ጊዜ እንደ ሕመሙ ዓይነት ይለያያል። በድንገት ጀምሮ በድንገት የሚቆም፣ ከልብ የላይኛው ክፍል ወይም ከመካከለኛው መገናኛ የሚነሳ ፈጣን ምት በአብዛኛው በአንድ ጊዜ ሕክምና የሚድን ሲሆን ማገገሚያውም አጭር ነው። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን በሚባለው፣ የልብ የላይኛው ክፍል በሥርዓት መኮማተሩን ትቶ በሚርገበገብበት ሕመም ግን ሕክምናው በላይኛው ግራ የልብ ክፍል ውስጥ ሰፋ ያለ ቦታ ይሸፍናል። በፈረንሳይ የቦርዶ ሐኪም ሚሼል ኤሳጌርና የሥራ ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት ይህን ሕመም የሚቀሰቅሱት ምልክቶች በብዛት የሚነሱት ከሳንባ ደም ከሚያመጡት የደም ሥሮች መሆኑን አሳይተዋል። የዛሬው ሕክምና በዚህ ግኝት ላይ የተመሠረተ ነው። ከዚህ በታች ከተዘረዘሩት ጥንቃቄዎች አብዛኞቹ ይበልጥ የሚመለከቱት የኤትሪያል ፊብሪሌሽን ታካሚዎችን ነው።

የመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት

ቱቦው ከወጣ በኋላ ታካሚው ለጥቂት ሰዓታት እግሩን ሳያጥፍ በጀርባው እንዲተኛ ይደረጋል። ማሳል፣ ማስነጠስ ወይም መሳቅ ቢያስፈልገው ብሽሽቱን በእጁ መዳፍ መደገፍ ይኖርበታል። ቀለል ያለ የደረት ሕመም በተለይም በጥልቀት ሲተነፍሱ የሚሰማ፣ ድካም፣ የጉሮሮ መከርከርና የብሽሽት መበለዝ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊያጋጥሙ ይችላሉ፤ ቀስ በቀስም ይጠፋሉ።

ከሆስፒታል ሲወጡ ብቻን መሄድ አይመከርም። የማደንዘዣው ወይም የማስተኛው መድኃኒት ውጤት ሙሉ በሙሉ ስለማይጠፋ በዚያ ዕለት መኪና መንዳት የተከለከለ ነው። ከመሀል ከተማ ወደ ቃሊቲ የሚመለስ ታካሚ በተጨናነቀ ታክሲ ወይም ባቡር ውስጥ ቆሞ ከመጓዝ ይልቅ ተቀምጦ የሚሄድበትን መጓጓዣ አስቀድሞ ማዘጋጀቱ ይመረጣል።

የመጀመሪያው ሳምንት

- *ቁስሉ፦* ከ24 ሰዓት በኋላ ፕላስተሩን ማንሳትና በሚወርድ ውኃ መታጠብ ይቻላል። በገንዳ መዘፍዘፍ፣ መዋኘትና በፍል ውኃ መታጠብ ቁስሉ እስኪዘጋ ቢያንስ ለ1 ሳምንት ይቆማል። ጸበል መጠመቅ የሚፈልግ ታካሚም ቁስሉ እስኪደርቅ መጠበቅ ይኖርበታል። በቁስሉ ላይ ቅቤ፣ ቅጠል ወይም ሌላ ነገር መቀባት አይገባም።
- *ሸክም፦* ከ5 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን ነገር ማንሳት ለ1 ሳምንት ክልክል ነው። በውኃ የተሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ክብደቱ 20 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ውኃ የሚቀዳ፣ ልብስ የሚያጥብ፣ ሕፃን የሚያዝል ሰው በቤት ውስጥ አስቀድሞ ሊመደብ ይገባል።
- *እንቅስቃሴ፦* በቤት ውስጥና በሰፈር በዝግታ መራመድ ጠቃሚ ነው። ደረጃ ደጋግሞ መውጣት፣ መሮጥ፣ ቁጢጥ ማለትና ለመጸዳዳት ማማጥ በብሽሽት ላይ ጫና ስለሚፈጥሩ ይወገዳሉ። ሆድ እንዳይደርቅ ውኃና አሰር ያለው ምግብ መውሰድ ይረዳል።
- *ብሽሽቱ ቢደማ፦* ታካሚው ወዲያውኑ በጀርባው ተኝቶ ሌላ ሰው በንጹሕ ጨርቅ ቦታውን ሳያቋርጥ ለ10 ደቂቃ በኃይል መጫን አለበት። ደሙ ካልቆመ፣ ፈጣን ከሆነ ወይም እብጠቱ እያደገ ከሄደ መጫኑን ሳያቋርጡ አምቡላንስ መጥራት ያስፈልጋል።

ወደ ሥራ መመለስ

በቢሮ የሚሠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ሥራው ሊመለስ ይችላል። አቃቂ ቃሊቲ ግን የፋብሪካዎች፣ የመጋዘኖችና የከባድ ተሽከርካሪዎች ሰፈር ነው። በጫኝና አውራጅነት፣ በብረታ ብረት ሥራ ወይም በማሽን ኦፕሬተርነት የሚተዳደሩ ታካሚዎች ረዘም ያለ ዕረፍት ያስፈልጋቸዋል፤ የዕረፍቱን ርዝመትም አክሚው ሐኪም የሥራውን ዓይነት ጠይቆ በጽሑፍ ይወስናል። ታካሚው ሐኪሙ ፊት ሲቀርብ «የቀን ሥራ» ብሎ ከማለፍ ይልቅ የሚያነሳውን ክብደትና የሚቆምበትን ሰዓት በዝርዝር መናገሩ ጠቃሚ ነው። የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድ ሠራተኛ ስለታም መሣሪያ ወይም ከፍታ ባለበት ሥራ ላይ ትንሽ አደጋ እንኳ ብዙ ደም ሊያፈስሰው እንደሚችል ለቅርብ አለቃው ማሳወቅ ይኖርበታል።

የከባድ ተሽከርካሪ አሽከርካሪዎች የተለየ ጥንቃቄ ያሻቸዋል። ልቡ በድንገት የሚፈጥንበት ወይም ራሱን የሚያስተው አሽከርካሪ ለራሱም ለሌላውም አደጋ ነው። ስለዚህ የሐኪም ፈቃድ ሳያገኙ መሪ መጨበጥ አይገባም። በጅቡቲ መስመር የሚሠራ አሽከርካሪ ለቀናት ከሚከታተለው ተቋም የሚርቅ በመሆኑ፣ መጀመሪያ በአጭር ርቀት መጀመር፣ የመድኃኒቱን በቂ መጠን መያዝ፣ በየ2 ሰዓቱ ወርዶ መራመድና የሕክምና ማስረጃውን ከመንጃ ፈቃዱ ጋር ማስቀመጥ ይመከራል።

በውጭ አገር የታከሙ ደግሞ ከበረራ በፊት የሐኪማቸውን ፈቃድ ማግኘት፣ በአውሮፕላን ውስጥ በየጊዜው ተነስተው መራመድና በአገር ውስጥ ባለሙያዎች የሚነበብ የሕክምና ማጠቃለያ ይዘው መመለስ ይኖርባቸዋል።

የደም ማቅጠኛ መድኃኒት፦ «ደህና ሆኛለሁ» ብሎ ማቆም አይገባም

ከኤትሪያል ፊብሪሌሽን አብሌሽን በኋላ የታከመው የልብ ግድግዳ ለሳምንታት ያህል ደም በቀላሉ የሚረጋበት ስፍራ ይሆናል። የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ አንጎል ቢሄድ ስትሮክ ያስከትላል። በዚህ ምክንያት ምቱ ፍጹም ቢስተካከልም እንኳ የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ቢያንስ ለ2 እስከ 3 ወራት ሳይቋረጥ ይወሰዳል። ከዚያ በኋላ መቀጠል አለመቀጠሉ የሚወሰነው ታካሚው በሚሰማው ስሜት ሳይሆን ለስትሮክ ባለው ተጋላጭነት ነው። ዕድሜ፣ የደም ግፊት፣ የስኳር ሕመም፣ የልብ ድካምና ከዚህ በፊት ያጋጠመ ስትሮክ ተጋላጭነቱን ያሳድጋሉ።

በኢትዮጵያ ብዙ ሰዎችን ለልብ ምት መዛባት የሚዳርገው ሌላው ሕመም በልጅነት ካልታከመ የጉሮሮ ኢንፌክሽን የሚመጣው የሩማቲክ የልብ በር ጉዳት ነው። የልብ በር በከባድ ሁኔታ ከጠበበ አብዛኛውን ጊዜ ቅድሚያ የሚሰጠው ለበሩ ሕክምና ነው። እነዚህ ታካሚዎች ሁለት ነገሮችን ማወቅ ይገባቸዋል።

አንደኛ፣ ለእነርሱ የሚመረጠው የደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ የሆነና በአፍሪካ፣ በእስያና በላቲን አሜሪካ ከ4,500 በላይ የሩማቲክ ታካሚዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ እንደ ዋርፋሪን ያሉ መድኃኒቶችን የወሰዱት ሪቫሮክሳባን ከወሰዱት ያነሰ ሞት እንዳጋጠማቸው አሳይቷል። ስለዚህ «አዲሱ መድኃኒት ምርመራ አያስፈልገውም» በሚል ምክር ብቻ መቀየር አይገባም።

ሁለተኛ፣ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ የሚሰጠው የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ በራስ ውሳኔ አይቋረጥም። የሚወጋው ባለሙያ ታካሚው የደም ማቅጠኛ እንደሚወስድ አስቀድሞ ማወቅና የተወጋውን ቦታ ረዘም ላለ ጊዜ መጫን አለበት።

ዋርፋሪን የሚወስድ ታካሚ አይ ኤን አር የተባለውን የደም ምርመራ በቀጠሮው ማድረግ ይኖርበታል። ለአብዛኞቹ የኤትሪያል ፊብሪሌሽን ታካሚዎች የሚፈለገው ውጤት ከ2 እስከ 3 ነው። ከዚያ ካነሰ ደም ሊረጋ፣ ከበዛ ደግሞ ሊፈስ ይችላል። የተረሳ ክኒን በዚያው ቀን ከታወሰ ይወሰዳል፤ በማግስቱ ከታወሰ ግን እጥፍ መውሰድ ክልክል ነው። ልጅ መውለድ በሚችሉበት ዕድሜ ላይ የሚገኙ ሴቶች ዋርፋሪን ጽንስን ሊጎዳ እንደሚችል አውቀው፣ ከማርገዛቸው በፊት ከሐኪማቸው ጋር መመካከር ይገባቸዋል፤ የወር አበባቸው ቢቀርም ሳይዘገዩ ማሳወቅ አለባቸው።

ሌሎች መድኃኒቶች፣ ምግብና ጾም

ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት የሚገዙ ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ከደም ማቅጠኛ ጋር ሲወሰዱ የሆድ ዕቃ መድማት ያስከትላሉ። ለሕመም ማስታገሻ ፓራሲታሞል በተፈቀደው መጠን ይመረጣል። ለተቅማጥ፣ ለታይፎይድና ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን በብዛት የሚታዘዙት ሜትሮኒዳዞል፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንና ኮትሪሞክሳዞል የዋርፋሪንን ኃይል ያበረታሉ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን ደግሞ ያዳክመዋል። ማንኛውም አዲስ መድኃኒት ሲታዘዝ «ዋርፋሪን እወስዳለሁ» ማለትና የአይ ኤን አር ምርመራውን ቀን ማቅረብ ያስፈልጋል።

ጎመንና ሌሎች አረንጓዴ ቅጠላ ቅጠሎች በቫይታሚን ኬ የበለጸጉ በመሆናቸው የዋርፋሪንን ውጤት ይቀንሳሉ። መፍትሔው ጎመንን መተው ሳይሆን በየሳምንቱ ተመጣጣኝ መጠን መመገብ ነው። በጾም ወራት ጎመን በማዕድ ላይ ሲበዛና ከፋሲካ በኋላ ድንገት ሲቀንስ የደሙ ውጤት ሊዋዥቅ ስለሚችል ጾም ሲገባና ሲፈታ ምርመራ ማድረግ ተገቢ ነው። በቤት የሚዘጋጁ የባህል መድኃኒቶችና ብዛት ያለው የነጭ ሽንኩርት ወይም የዝንጅብል ጭማቂ እንዲሁ ለሐኪም ሳይነገሩ አይወሰዱም።

ጾም መድኃኒት ለማቆም ምክንያት አይሆንም። በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰደው ዋርፋሪን በምሽት ስለሚወሰድ በረመዳንም ሆነ በሌሎች አጽዋማት ለማስማማት አያስቸግርም። በቀን ሁለት ጊዜ የሚወሰዱ ክኒኖችና ከምግብ ጋር መወሰድ ያለበት ሪቫሮክሳባን ግን የሰዓት ማስተካከያ ይፈልጋሉ። ይህ ከሐኪምና ከንስሐ አባት ወይም ከሃይማኖት መሪ ጋር በመመካከር ይወሰናል። በማገገሚያው ወራት ከአልኮልና ከጫት መራቅ ይመከራል፤ ሁለቱም የልብ ምትን ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። መጠነኛ ቡና ለአብዛኛው ታካሚ ክልክል አይደለም።

ምቱ ተመልሶ ቢመጣ

በመጀመሪያዎቹ 2 እስከ 3 ወራት ውስጥ የልብ ትርታ መዝለል፣ ለአጭር ጊዜ መፍጠን፣ አልፎ ተርፎም የቀድሞው ሕመም መመለስ ሊያጋጥም ይችላል። የቆሰለው ጡንቻ ስለሚቆጣ የሚመጣ በመሆኑ ሕክምናው እንዳልተሳካ አያረጋግጥም። በዕረፍት ጊዜ ያለው ምት ከቀድሞው ጥቂት ፈጠን ብሎ ለወራት መቆየቱም የተለመደ ነው። የሕክምናው ውጤት በትክክል የሚመዘነው ከዚህ ጊዜ በኋላ ሲሆን፣ ጥቂት የማይባሉ ታካሚዎች ሁለተኛ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል።

ታካሚው በየቀኑ ጠዋት ከመነሳቱ በፊት በእጅ አንጓው ላይ ምቱን ለ1 ሙሉ ደቂቃ ቆጥሮ በደብተር ቢመዘግብ ለሐኪሙ ትልቅ እገዛ ያደርጋል። ምቱ ሲዛባ የጀመረበትን ሰዓትና የቆየበትን ጊዜ መጻፍ፣ በተቻለ ፍጥነትም በአቅራቢያ በሚገኝ ተቋም ኢሲጂ መነሳትና ወረቀቱን ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ፈጣኑ ምት ካልቆመ ወይም ከማዞር፣ ከትንፋሽ ማጠርና ከደረት ሕመም ጋር ከመጣ ቀጠሮ መጠበቅ አይገባም።

ትኩሳትን እንደ ተራ ሕመም አለማየት

የላይኛው ግራ የልብ ክፍል በጀርባው በኩል ከምግብ መውረጃ ቧንቧ ጋር ተጠግቶ ይገኛል። እጅግ አልፎ አልፎ፣ በሕክምናው ወቅት የደረሰው ሙቀት ይህን ቧንቧ አቁስሎ ከልብ ጋር የሚያገናኝ ቀዳዳ ይፈጥራል። ችግሩ በአብዛኛው የሚታየው ታካሚው ፍጹም ድኗል ከተባለ በኋላ፣ ከ1 እስከ 8 ሳምንታት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ምልክቶቹ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ሲውጡ ማመም፣ የደረት ሕመም፣ ደም ማስታወክ ወይም የስትሮክ ምልክት ናቸው። በጊዜ ካልተደረሰበት ይገድላል።

በአገራችን ትኩሳት ሲመጣ መጀመሪያ የሚታሰበው ወባ፣ ታይፎይድ ወይም ጉንፋን ነው። ለሌላው ሰው ይህ ግምት ምክንያታዊ ሊሆን ይችላል። በ2 ወር ውስጥ የልብ አብሌሽን ላደረገ ሰው ግን መድኃኒት ገዝቶ ቤት መቀመጥ ውድ ሰዓት ያባክናል። ታካሚው ወደ ሆስፒታል ሄዶ «ልቤን በካቴተር ታክሜያለሁ» ብሎ ቀኑን መናገር አለበት። ባለሙያዎችም ይህን ችግር ሲጠረጥሩ በአፍ በሚገባ መሣሪያ የሚደረግ የጉሮሮና የጨጓራ ምርመራ ሁኔታውን ሊያባብስ ስለሚችል ከማድረጋቸው በፊት የደረት ሲቲ ስካን ማስቀደምና የልብ ሐኪሙን ማማከር ይጠበቅባቸዋል።

ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል የሚያስኬዱ ሌሎች ምልክቶች

- የፊት አንድ ወገን መውደቅ፣ የእጅ ወይም የእግር መስነፍ፣ የንግግር መንተባተብ፣ ድንገተኛ የእይታ ማጣት
- ከባድ ወይም እየጨመረ የሚሄድ የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት
- የትንፋሽ ማጠር፣ ደም የተቀላቀለበት አክታ
- በብሽሽት እያደገ የሚሄድ እብጠት፣ መቅላት፣ መግል ወይም ከባድ ሕመም
- የእግር መቀዝቀዝ፣ መደንዘዝ ወይም ቀለም መቀየር
- ጥቁር ሰገራ፣ ደም የተቀላቀለበት ሽንት፣ የማይቆም ነስር

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አምቡላንስ በ907፣ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥራ አመራር ደግሞ በ939 ይገኛሉ። የአቃቂ ቃሊቲ ነዋሪዎች በአቅራቢያቸው የጥሩነሽ ቤጂንግ አጠቃላይ ሆስፒታል ይገኛል። ስትሮክ ሲጠረጠር ምልክቱ የጀመረበት ሰዓት በትክክል መነገር አለበት፤ የሚሰጠው ሕክምና በዚያ ሰዓት ላይ ይመሠረታልና።

በእጅ ሊኖር የሚገባ ማስረጃ

ታካሚው ከሆስፒታል ሲወጣ የሚከተሉት በጽሑፍ እንዲሰጡት መጠየቅ መብቱ ነው፦ የሕክምናው ዓይነትና ቀን፣ የታከመው የልብ ክፍል፣ የሚወስዳቸው መድኃኒቶች ስምና መጠን፣ የደም ማቅጠኛው የሚቆይበት ጊዜ፣ የቀጣይ ቀጠሮ ቀን እንዲሁም በአስቸኳይ የሚደወልበት የሆስፒታሉ ስልክ። የማስረጃውን ፎቶግራፍ በራሱና በአንድ የቤተሰብ አባል ስልክ ላይ ማስቀመጥም ጠቃሚ ነው። ወደ ልዩ ሕክምና የላከው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታልም ማጠቃለያው ሊደርሰው ይገባል፤ የደም ግፊት፣ የስኳርና የአይ ኤን አር ክትትሉ በአቅራቢያ የሚቀጥለው በዚህ መንገድ ነውና።

ከታካሚው ጋር የሚኖሩ የቤተሰብ አባላትም የስትሮክ ምልክቶችን፣ ብሽሽት ሲደማ የሚጫኑበትን መንገድና የትኩሳትን ማስጠንቀቂያ ማወቅ አለባቸው። ታካሚው ራሱ መናገር በማይችልበት ሰዓት ስለ ልቡ ለተረኛው ባለሙያ የሚናገሩለት እነርሱ ናቸው።